«ክሊር» የተባለው ለማን ነው?

ጎሮ ውስጥ ፎቅ ከፎቅ በሚሽቀዳደምበት በዚያ ሰሞን ነው። ኢንስፔክተር ገላኔ ተጠርታ ከአንዱ ጅምር ሕንፃ ስትደርስ፣ የፌሮ ሠራተኛው ጃለታ በሊፍቱ ጉድጓድ ውስጥ ሞቶ፣ የብሎኬት ፍርስራሽ እስከ ወገቡ ድረስ ተጭኖት አገኘችው። ከጉድጓዱ አፍ ላይ ኢንጂነር ተክለብርሃን በስልክ ስለ ሲሚንቶ ያወራል። ደሟ ፈላ።

«ስልኩን ይዝጉት» አለችው።

ፍርስራሹን ከስምንተኛ ፎቅ የደፋው የቀን ሠራተኛ ሐምዛ በካቴና ታስሯል።

«ጉድጓዱ ከላይ ሲያዩት ጨለማ ነው» አላት። «ፍርስራሹን ለመድፋት ስጠብቅ ኢንጂነሩ በሬዲዮ ‹ክሊር› አሉ። እኛ ጋ ክሊር ማለት ታች ሰው የለም ማለት ነው። ደፋሁት።»

ተክለብርሃን አልካደም። «ብያለሁ፤ ግን ለጃለታ ነው። ጉድጓዱን እንዲያጸዳ ጠዋት አዝዤው ነበር። በኋላ በሬዲዮ ‹ክሊር?› አልኩት፣ ያልኩህ ገብቶሃል ወይ ለማለት። ከተማው ሁሉ እንዲህ ነው የሚያወራው። ይሄ ልጅ ለሱ መሰለው።»

ነገሩ ያስኬዳል። ገላኔ ራሷ ልጇን ስትቆጣ «ክሊር?» ትላለች።

ጉድጓዱ ውስጥ ወርዳ ሬሳውን አየች። ቀበቶው ላይ ያለው የሬዲዮ ማንጠልጠያ ባዶ ነው። ፍርስራሹን አገላበጠች፤ ሬዲዮ የለም። ወደ ዕቃ ቤት ጠባቂዋ መብራት ሄደች።

«የጃለታ ሬዲዮስ?»

«ቻርጅ ላይ ነው። ጠዋት ኢንጂነሩ ራሳቸው ተቀብለውት አመጡልኝ። ‹እኔ ሳልል እንዳትሰጪው› አሉኝ።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ትናንት ተጣልተው ነበር። ጃለታ ‹በዚህ ቀጭን ፌሮ ምሰሶ አላቆምም፣ ሕንፃው ሰው ይጨርሳል፣ ለክፍለ ከተማው እናገራለሁ› አላቸው።»

ገላኔ ሁሉንም ጉድጓዱ ዳር ሰበሰበቻቸው።

«ቃሉ ሁለት ትርጉም አለው፤ እውነት ነው» አለች። «ጥያቄ ከሆነ ግን የሚጠየቅ ሰው ይፈልጋል። ጃለታ ሬዲዮ አልነበረውም። የወሰድክበት አንተ ነህ።»

አንቱታው መቅረቱን ሁሉም ሰማ።

«ረስቼው ነው» አለ ተክለብርሃን።

«ብትረሳው ኖሮ መልስ ስታጣ ደግመህ ትጠራው ነበር። ሐምዛ፣ ስንቴ ሰማህ?»

«አንዴ ብቻ።»

«የምትፈልገው ጆሮ የሐምዛ ስለሆነ አንዴ በቃህ። ጃለታን ጉድጓድ ውስጥ አስገባኸው፣ ሬዲዮውን ነጠቅኸው፣ ከላይ እንዲደፋበት አዘዝክ። ከዚያም ልጁ በካቴና ሲታሰር ቆመህ አየህ።»

ካቴናው ከሐምዛ እጅ ወጥቶ ተክለብርሃን እጅ ላይ ገባ።

«የደፋሁት ግን እኔ ነኝ» አለ ሐምዛ።

የገላኔ ንዴት አልበረደም። ወደ ጉድጓዱ ተመልሳ ወረደች። ሐምዛም ተከተላት፤ ብሎኬቱን አንድ በአንድ ከጃለታ ላይ ያነሱ ጀመር።