የሚያፏጨው አምፕሊፋየር

«ይሄኛውስ ስንት ዋት ነው?» አለ አባቷ፣ ለሦስተኛ ጊዜ።

ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና ገለጠች። አሁን ገና ነግራዋለች። ከእሷ በፊት ባለሱቁ ነግሮታል። ሳጥኑ ላይም በትልቁ በቀይ ተጽፏል።

«ሦስት ሺህ ይላል፤ ግን ውሸት ነው አልኩህ እኮ አባዬ!»

«እ?»

«ውሸት!»

ከጠዋት ጀምሮ የመኪና ዕቃ በሚሸጥበት መንገድ ከሱቅ ሱቅ ሲንከራተቱ መዋላቸው ነው። አባቷ የተማሪዎች ሰርቪስ የሆነች ሚኒባስ ይነዳል። ሰሞኑን ደግሞ «የመኪናዬ ቴፕ ድምፁ ታፈነ፤ አምፕሊፋየር ካልገባለት አይሆንም» የሚል አባዜ ይዞታል። እሷን ያስከተላት አንድ ቀን የተበላሸ ካውያ ጠግና ቤተሰቡ «ኢንጂነሯ» ስላላት ነው። ሰው አንድ ካውያ ስለጠገነ ይሄን ያህል ይቀጣል? ሰኞ የታሪክ ፈተና አለባት። መጽሐፉ ብብቷ ስር ሆኖ ላብ ጠጥቷል፤ እስካሁን አንድ ገጽ አላነበበችም።

የዚህኛው ሱቅ ባለቤት ከቅጥነቱ የተነሳ መንገዱ ሁሉ «ሽቦ» የሚለው ወጣት ነው። ሦስት አምፕሊፋየሮች ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ እጁን አፋተገ።

«ፋዘር፣ ይሄ ትልቁ የኤቢ አሠራር ነው። ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ ግን ከሚወስደው ኮረንቲ ብዙውን ወደ ሙቀት ነው የሚቀይረው። እንደ ምድጃ ይግላል፣ ባትሪም ይበላል። ይሄ ትንሹ ዲ ነው። ኮረንቲውን በፍጥነት እያበራ እያጠፋ ስለሚሠራ አይግልም፣ ባትሪህንም አያስጨንቅም። ዋጋው ግን ከሁሉም ይበልጣል። ያ ደግሞ...» ባለ ቀይ ጽሑፉን በአገጩ አመለከተ፤ «ያ ርካሽ ነው። የትንሹን ሲሶ ነው የሚያወጣው።»

ልጅቷ ርካሹን አንስታ ገለበጠችው።

«አባዬ፣ እዚህ ጋ ተመልከት። ፊውዙ ሰላሳ አምፔር ነው። የመኪና ባትሪ አሥራ ሁለት ቮልት። ስታባዛው ሦስት መቶ ስድሳ ዋት! ከዚያ በላይ ልሳብ ካለ ፊውዙ ይቃጠላል። ታዲያ ሦስት ሺውን ከየት ሊያመጣው ነው?»

«ይቺ ልጅ አትሸወድም» አለ ሽቦ፣ ሳቁን ዋጥ አድርጎ።

አባቷ ግን እጁን አወናጨፈ። «ወሬ ምን ያደርጋል? አገናኛቸውና ልስማቸው። እንዲህ ያለ ነገር የሚመረጠው በጆሮ ነው።»

ይህን ሲል ደረቱ ትንሽ ነፋ አለ። በሾፌሮች ዘንድ የታወቀው በጆሮው ነው። ሞተር ሲያስቸግራቸው ከመካኒክ በፊት የሚጠሩት እሱን ነው፤ ኮፈኑን ከፍቶ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጥና በሽታውን ይናገራል። ተሳስቶ አያውቅም ይባላል።

ሽቦ በሩ ላይ የቆመችው ሚኒባስ ውስጥ ገብቶ ሞተሩን አስነሳና የመጀመሪያውን አገናኘ። ዘፋኟ ከኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠች ይመስል ትንፋሿ ሳይቀር ተሰማ።

«ታፍኗል» አለ አባቷ።

ሁለተኛው ተገናኘ። «ይሄም ታፍኗል።»

ልጅቷ እርር ድብን አለች። ግማሽ ቀን ሙሉ ማስረዳት፣ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ!

ሦስተኛው ሲገናኝ ከበሮው ደለቀ። ከከበሮው በላይ ደግሞ ቀጭን ፉጨት መጣ። ሽቦ ነዳጅ ሲሰጠው ፉጨቱ አብሮ ከፍ አለ፤ ሲለቀው ዝቅ አለ። ጎረቤቱ ባለጎማ አንገቱን በበሩ አወጣ። «ኧረ ያንን ፉጨት አጥፉልን! ጆሯችንን በላው እኮ!»

የአባቷ ፊት ግን በራ። «ይሄ ነው! ይሄ ነው የጠራው!»

«አባዬ፣ ትቀልዳለህ? ይሄ እኮ...» ብላ ዞረችና ቃሉ አፏ ላይ ቀረ።

አባቷ የሚያየው ዓይኗን አልነበረም። ከንፈሯን ነበር።

ክው አለች። ጠዋት ከኋላቸው አንድ የጭነት መኪና በክላክሱ ሲያንባርቅ መንገድ ያልለቀቀው ግትር ሆኖ መስሏት ተናዳበት ነበር። ቤት ውስጥ ስትጠራው ዝም ሲላት፣ ጆሮ ዳባ ልበስ ያለ መስሏት ስንቴ አኩርፋለች። ሽቦም ነገሩ ገብቶታል፤ አንዴ እሷን፣ አንዴ ወለሉን ያያል።

ዝም ብትል አባቷ ደስ ብሎት ይገዛል፤ ሰኞ ጠዋትም ሕፃናቱን ጭኖ የጭነት መኪኖች መሃል ይገባል። እዚህ ብትናገር ደግሞ ባለጎማው በሩ ላይ ቆሟል፤ ሳይመሽ ሾፌሩ ሁሉ ይሰማል።

«ልጠቅልልህ ፋዘር?» አለ ሽቦ ሳያየው።

«ዛሬ አንገዛም» አለች እሷ፣ እና የአባቷን እጅ ይዛ ጎተተችው።

መኪና ውስጥ ሲገቡ አባቷ በሩን ጓ አድርጎ ዘጋ። «አንቺ ልጅ ምን ነክቶሻል? ስንት ደክሜ ያገኘሁትን!»

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። በዘወትር ድምፅዋ «አባዬ፣ ራበኝ» አለች።

መልስ የለም። እሷ ራበኝ ስትል ዝም የሚል አባት አልነበረም። ብትናደድበት ይቀላት ነበር፤ ንዴቱ ግን የት እንደገባ ጠፋባት።

ወደ እሱ ዞረች። «አባዬ፣ ያ የወደድከው ዕቃ ያፏጭ ነበር።»

«የቱ?» ሳቀ። «እኔ ሳልሰማ?»

«ባለጎማው እንኳ ከሱቁ ሆኖ ሰምቶታል።»

ሳቁ ቀስ እያለ ከፊቱ ጠፋ። ከዚያ ሞተሩን አስነሳና እንደ ልማዱ አንገቱን ዘንበል አደረገ።

«ደህና ይመስለኛል» አለ። ወደ እሷ ዞሮ፣ «አንቺስ? ምን ይላል?»

ደህና ነው ብትለው ወደ ቤት ይሄዳሉ፤ እሷም ታሪኳን ታነባለች። መጽሐፉን ዳሽቦርዱ ላይ አስቀምጣ አዳመጠች።

«ከፊት በኩል ሲጢጥ ሲጢጥ የሚል ነገር አለ» አለች፣ ከንፈሯን በደንብ እንዲያይ ቀና ብላ። «የሞተሩ ቺንጋ ላልቶ ይመስለኛል።»

አባቷ ሞተሩን አጠፋ። ቁልፉን ነቅሎ መዳፏ ላይ አስቀመጠው።

«ያዥልኝ» አለ። «ሰኞ ልጆቹን ሌላ ሾፌር ያደርስልኛል። ከጎማ ቤቱ ማዶ የጆሮ ሐኪም አለ አይደል?»

ወርደው በእግራቸው ጉዞ ጀመሩ። ከሕፃንነቷ ጀምሮ አብረው ሲሄዱ በመኪናው መንገድ በኩል የሚሆነው እሱ ነበር። ጥቂት እንደተራመዱ ልጅቷ በኋላው ዞረችና በመኪናው መንገድ በኩል እሷ ሆነች።