አራት ደረቅ ምንጣፎች

ሟቹ የመኪናዋን ወንበር ወደ ኋላ ለጥጦ፣ እጆቹን ሆዱ ላይ አጣምሮ፣ ከምሳ በኋላ እንደሚያሸልብ ሰው ተጋድሟል። ማሸለቡንስ አሸልቦ ነበር፤ መንቃቱ ነው የቀረው። መኪናዋ የምታድርበት ክፍል በር አሁን ወለል ብሎ ቢከፈትም የሞተሩ ጭስ ሽታ ገና አልወጣም።

ኢንስፔክተሯ መሐረቧን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ቆመች። በሃያ ስድስት ዓመት ሥራዋ አንድም ሟች ንቃ አታውቅም። ንቀቷን ያጠራቀመችው በሕይወት ላሉት ነው፤ በተለይ ሳይጠየቁ ለሚያስረዱ። የሟቹ ታናሽ ወንድም ደግሞ ገና ከበር ጀምሮ እያስረዳት ነው።

«ያ አጣቢ ነው የገደለው» አለ፣ ወደ ግቢው መግቢያ እየጠቆመ። «ጠዋት አጥቧት መስኮቷን ክፍት ተወው። ዝናብ ገባባት። ጥፋቱን ሊደብቅ እዚህ አስገብቶ፣ ሞተር አስነስቶ፣ እንድትደርቅ ሂተር ለቆባት፣ በሩን ዘግቶ ሄደ። ወንድሜ እንደ ልማዱ ሊያሸልብ ገባ። ይኸው ነው።»

«ሞተሩ ሲሠራ አልሰማም?»

«ሠላሳ ዓመት እንጨት መሰንጠቂያ ማሽን አጠገብ የቆመ ጆሮ ምን ይሰማል? እኔ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሻይ ላመጣለት ብገባ ነው ያገኘሁት።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይቅርታ ኢንስፔክተር፣ እሷን መቼ ነው የምትለቁልን?»

«ማንን?»

«መኪናዋን። ውሃ አቁራ ከዋለች ወለሏ ይዝጋል። በሮቿ ይከፈቱና ትንሽ ነፋስ ታግኝ እንጂ።»

ኢንስፔክተሯ ከራስ ጠጉሩ እስከ ጫማው አየችው። የወንድሙ ሬሳ ገና ከመሪው አጠገብ አልተነሳም።

«ትታገሣለች» አለችው።

ሬሳው ሲነሳ ጎንበስ ብላ ተመለከተች። የመኪናዋ ወለል ላይ ውሃ ተኝቷል። የሟቹ ሱሪ ከፊት በኩል፣ ከጭኑ እስከ ቁርጭምጭሚቱ፣ ጠብ ጠብ እስኪል ርሷል። ከኋላ በኩል ግን ደረቅ ነው። ሰውየው የተቀመጠበት የወንበሩ መሃልም ደረቅ ነው፤ ጠርዝ ጠርዙ ብቻ በስብሷል። የበሩን የውስጥ ጨርቅ በመዳፏ ዳበሰችው። እሱም ደረቅ ነው። ወለሉ ላይ ምንጣፍ የሚባል ነገር አልነበረም።

አጣቢው፣ ሽበቱ የወረሰው ሽማግሌ፣ ባልዲውን ገልብጦ ተቀምጦበታል። አንድ ፖሊስ ከበላዩ ቆሟል።

«አባባ፣ መስኮቱን ክፍት ትተውት ነበር?»

«የለም ልጄ። አጠብኳት፣ አራቱን ምንጣፍ አራግፌ መለስኩ፣ መስኮቷን ዘግቼ ቁልፉን ማድ ቤቱ በር ምስማር ላይ ሰቀልኩት። ዝናቡ ሲያባራ ሰውዬው ራሳቸው ነድተው ሲያስገቧት አይቻለሁ። ከዚያ ወዲያ ከማዶው ሱቅ ፊት ታክሲ ሳጥብ ነው የዋልኩት፤ ባለሱቋን ጠይቂ።»

ባለሱቋ ተጠይቃለች። የሚያጥብበት ውሃ ከእሷ ቧንቧ ስለሚቀዳ ዓይኗን ለአፍታም ከእሱ ላይ አላነሳችም።

«ዝናብ የገባባት መኪና ግን እንዴት ነው የምትደርቀው?»

«በር ከፍተሽ ነዋ። ወንበሯን ትፈቺያለሽ፣ ወለሏን ገልጠሽ ከስር ያለውን ስፖንጅ ትጨምቂያለሽ፣ ፀሐይ ታገኛለች። ዘግተሽ ብታሞቂያትማ ውሃው የት ይሄዳል? መስታወቷ ላይ ላብ ሆኖ ተመልሶ እዚያው ይወርዳል።» ሽማግሌው ከበላዩ የቆመውን ፖሊስ ቀና ብሎ አየው። «በዚህ ዕድሜዬ ነፍስ አጠፋ ብለው ሊያስሩኝ ነው?»

«ትንሽ ይታገሡኝ» አለችው፤ ከዚያ ቤት ሰዎች ሁሉ ንቀቷ ያልደረሰው እሱ ብቻ ነበር።

ሚስትየዋ የቢሮ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ሳሎን ተቀምጣለች። ዓይኗ አላበጠም።

«ለምን አላለቀስሽም እንዳይሉኝ» አለች። «ከእኔ ይልቅ ከዚያች መኪና ጋር የዋለው ይበልጣል። ባለፈው ሳምንት የሱፍ ምንጣፍ አሠራላት። እኔ እዚህ በባዶ ሲሚንቶ ላይ እሄዳለሁ።»

«ወንድምየውስ?»

«እሱማ የባሰ ነው። ቁልፏን ሲለምን አራት ዓመቱ፤ አንድ ቀን አላስነካውም። ጭራሽ ሰኞ ከእንጨት ሥራ ወርክሾፑም ሊያስወጣው ነበር፤ ትናንት ምሳ ላይ እኔው ፊት ነገረው። ሦስት ማሽን አቃጥሎበታል።»

«ባልሽ ከሌለ ወርክሾፑ የማን ነው?»

«ያባታቸው ነበር። አንዱ ሲጎድል የቀረው ይይዘዋል። መኪናዋም በወርክሾፑ ስም ናት።»

ኢንስፔክተሯ አንዱን ፖሊስ ወንድምየው ወደሚያድርበት የግቢው ኋላ ክፍል ላከችና ሁሉንም መኪናዋ ፊት ሰበሰበቻቸው። ወንድምየው ክፍት ወደ ነበረው የመኪናዋ በር ተጠግቶ ወለሏን በዓይኑ ይለካል።

«ዝናብ በመስኮት ሲገባ» አለች ኢንስፔክተሯ፣ «መጀመሪያ የሚረጥበው የበሩ ጨርቅ ነው። ይህ በር ደረቅ ነው። ስለዚህ ዝናብ አልገባም፤ ውሃ ተደፍቷል። መቼ? ሟቹ እርጥብ ወንበር ላይ ቢቀመጥ ኖሮ የሱሪው ኋላ ይረጥብ ነበር። የረጠበው ፊቱ ነው። ውሃው የመጣው እሱ ከተኛ በኋላ ነው ማለት ነው፤ ሲደፋበት ያልነቃው ደግሞ ጆሮው ስለከበደ አይደለም። ቀድሞ ሞቷል።»

ሚስትየዋ ጎንበስ ብላ የበሩን ጨርቅ ዳበሰች።

«ታዲያ ውሃ ለምን አስፈለገ?» አለች ኢንስፔክተሯ። «ሞተሩና ሂተሩ የተለቀቁበት ሰበብ መገኘት ስላለበት፣ ሰበቡም የሚለጠፍበት ድሃ ስለሚያስፈልግ። ገዳዩ መኪና አድርቆ በማያውቅ ሰው ዘዴ የአጣቢውን ጥፋት ፈጠረ። አጣቢው ግን ሥራውን ያውቃል፤ ዘግቶ አያሞቅም። ደግሞ ከሱቁ ፊት አልተነቃነቀም።» ወደ ሚስትየዋ ዞረች። «አንቺ ከቢሮ የወጣሽው አሥራ አንድ ሰዓት ነው፤ ለመሆኑ እዚች መኪና ላይ ውሃ ድፊ ብትባዪ ከየት ትጀምሪያለሽ?»

«ከምንጣፉ» አለች ሚስትየዋ ሳታስብ።

«እኔም እንደዚያ ገምቻለሁ። ይህን ያደረገው ግን ለምንጣፉ የሳሳ ሰው ነው።»

ፖሊሱ ከኋላ ክፍል በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ታቅፎ መጣ። «ከአልጋው ስር ነው» አለ ወደ ወንድምየው እያየ። ላስቲኩ ሲፈታ አራት የሱፍ ምንጣፍ ወጣ፤ አንዱ ላይ እንኳ ጠብታ ውሃ የለም።

ወንድምየው እጁን ወደ ምንጣፎቹ ዘረጋ። «ውሃ... ውሃ ያበላሻቸዋል ብዬ ነው ያነሳኋቸው።»

«ደረቅ ናቸው» አለች ኢንስፔክተሯ። «ያነሳሃቸው ውሃው ሳይደፋ ነው። እንደሚደፋ ማን ነገረህ?»

ሰውየው ምንጣፎቹን እንጂ ማንንም አያይም።

«በቅናት የገደለ አይቻለሁ፤ በንዴት የገደለ አይቻለሁ» አለችው። «አንዳንዱ ያሳዝነኛል። አንተ ግን ወንድምህ እንደተኛ ሞተር አስነስተህ ጭስ ውስጥ ዘግተህበት ወጣህ፤ ምንጣፉን ለመጠቅለል ላስቲክ ፈለግህለት። ነገ መንዳትህ ነው አይደል? በእርጥብ ምንጣፍ ላይ እግርህን እንዳታሳርፍ ብለህ ነው።»

ለሽማግሌው እጇን ዘርግታ ከባልዲው ላይ አስነሳችው። «ወደ ቤትዎ ይሂዱ፤ ማንም አይነካዎትም።» እሱም ባልዲውን አንስቶ፣ መኪናዋን እያየ እዚያው ቆመ።

ወንድምየው ካቴና ገብቶለት ሲወሰድ ከበሩ ላይ ዞር አለ።

«እባካችሁ፣ በሮቿን እንኳ ክፈቱላት» አለ። «እንዲህ ካደረች ትበሰብሳለች።»

ሽማግሌው ልማድ ሆኖበት አንድ እርምጃ ወደ መኪናዋ ተራመደ። ሚስትየዋ ቀደመችው። የፖሊስ ፎቶ አንሺው ሥራውን ስለጨረሰ ኢንስፔክተሯ አልከለከለቻትም። ሴትየዋ ክፍት የነበረውን የመኪና በር በሁለት እጇ ገፍታ ዘጋችው።

«ትበስብስ» አለች።