ሦስተኛውን ያልተጣራ ድምፅ

እኔ ክላስ ውስጥ የጂን ወሬ ሲጀመር «እስቲ አንዱን ጥሩልኝ፣ የሒሳብ የቤት ሥራዬን ይሥራልኝ» ብዬ የምስቅ ልጅ ነበርኩ፣ በአላህ እመኑኝ፣ እንዲህ ዓይነት ነገር አንድም ቀን አምኜ አላውቅም፣ አሁንም አመንኩ አላልኩም፣ የሆነውን ብቻ ነው የምነግራችሁ።

ታጣቂዎቹ ከከተማችን ከመርሳ ከወጡ በኋላ አክስቴ ዘምዘም ትምህርት ቤታችን ውስጥ አንዲት ክፍል ተሰጣት፣ የሥነ ልቦና አማካሪ ነች፣ ሴቶች ለባሎቻቸው ያልነገሩትን ለሷ ይነግሯታል፣ እሷም በር ላይ ተቀብላ «አብሽሩ፣ እዚህ የተነገረ አማና ነው» ትላቸዋለች። ምስጢር ብትል ማን ያምናታል፣ አማና ስትል ግን አላህን ምስክር እንዳቆመች ነው የሚቆጠረው።

አንድ ቀን ሰይድ የሚባል የሠፈራችን ልጅ ገባና «ለታጣቂዎቹ ቤታችንን ጠቁሞ ወንድሜን ያስገደለው ሁሴን ነው፣ ወደ ግራና ከተማ ለገበያ ሲሄድ መንገድ ላይ እጠብቀዋለሁ» አላት። ሁሴን የጎረቤታችን የእትዬ መሪማ ባል ነው፣ ሽንኩርት ነጋዴ፣ ሲጠቁም ያየው ሰው ደግሞ የለም። አክስቴ ለመነችው፣ «እሺ፣ አብሽሪ» ብሏት ወጣ፣ አላመነችውም። (ይኼን የነገረችኝ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው፣ ስማቸውንም ቀይሬዋለሁ።) ስትሠለጥን «የሰው ነፍስ የሚጠፋ ከሆነ ተናገሪ» ተብላለች፣ ግን አንዴ አማና ብላለች፣ አንዱን ብታወጣ እነዚያ ሴቶች ነገ ማን ጋ ይሄዳሉ? እንዲህ ስትብሰለሰል የገበያው ዋዜማ ደረሰ።

መግሪብ ላይ ሹሩባ እየሠራችኝ ነበር፣ ልብ በሉ፣ ጣቶቿ ጸጉሬ ውስጥ ናቸው። መጀመሪያ የነመሪማ የቆርቆሮ አጥር ኳ አለ፣ ከዚያ «መሪማ!» የሚል ድምፅ፣ ያ ጎርነን ብሎ መጨረሻው ላይ የሚሰበር የአክስቴ ድምፅ፣ ከውጭ! ዞር አልኩ፣ ከንፈሯ ግጥም ብሏል።

«አንቺ ነሽ እንዴ?»

«ዝም በይ» አለችኝ።

«መሪማ!» ደገመ።

እኛ ጋ መሸት ሲል የተጣራ ሁሉ ሰው አይደለም ይባላል፣ ሦስት ጊዜ ካልተጠሩ አቤት አይባልም። እትዬ መሪማም አቤት አላለችም። ሦስተኛውን ጠበቅን፣ ጠበቅን፣ አልመጣም። አክስቴ ተነስታ በሩ ጋ ደረሰች፣ መወርወሪያውን ያዘች፣ «ብጠራት ምን ልላት ነው?» አለች ለራሷ፣ ከዚያ ተመልሳ ቁጭ አለችና ሹሩባዬን ቀጠለች፣ እንደዚያ አጥብቃ ሠርታኝ አታውቅም፣ ቆዳዬ ሲያመኝ ሰነበተ።

ጠዋት ሁሴን ሽንኩርቱን ጭኖ ሄደ። ከሰዓት ሬሳው በባጃጅ መጣ።

ለቅሶው ላይ እትዬ መሪማ የአክስቴን እጅ ያዘችና «ዘምዘሜ፣ ትናንት መግሪብ ላይ ተጣርተሽኝ ነበር እንዴ? ሁለቴ ሰማሁሽ እኮ፣ ሦስተኛውን ብትደግሚልኝ አቤት እል ነበር» አለቻት።

«አልተጣራሁም» አለች አክስቴ። ወላሂ እውነቷን ነው፣ እንደዚያ የሚመር እውነት ግን ሰምቼ አላውቅም።

ሰይድ ታስሯል። አማናው አልተነካም፣ ሴቶቹ ዛሬም ይመጣሉ፣ እትዬ መሪማ ራሷ ስለ ባሏ ልታወራ ወደዚያች ክፍል ትሄዳለች፣ ከሰው ሁሉ አክስቴን ነው የምታምነው። አክስቴ ታዳምጣታለች፣ ማታ እራት አትበላም።

አንዳንዴ መግሪብ ላይ፣ አክስቴ ፊት ለፊቴ እየሰገደች፣ ድምፅዋ ከአጥሩ ውጭ የኔን ስም ይጠራል። ጓደኞቼ «እንዳትመልሺ!» ይሉኛል። እኔ ግን ሦስተኛውን አልጠብቅም፣ ገና በመጀመሪያው «አቤት!» ብዬ እወጣለሁ።

አቤት ስል ዝም ይላል።