ጆሮዋ ሲቀድማት

«ሰማሽው?» አለች ሬዲዮ፣ ስልኩ ገና ሳይነሳ ማውራት የጀመረች ይመስል።

«ገና ነኝ።»

«ምን ትጠብቂያለሽ? ከላክሁልሽ ቆየ እኮ። የቅዳሜው ፈተና ራሱ ነው፤ ያው ድምፅ፣ ያው ጥያቄ። መምህሯ ለድጋሚ ተፈታኝ ብላ አዲስ አትቀዳም። ደጋግመሽ ሰምተሽው ከገባሽ ዓይንሽን ጨፍነሽ ነው የምታልፊው።»

ቁንጫ በሩን በእግሯ እየገፋች ትመልሰዋለች። ቁንጫ የቤት ስሟ ነው። አንድ ቦታ መርጋት የማይሆንላት ልጅ ስለሆነች አክስቷ ገና በሕፃንነቷ አወጣችላት፤ አሁን አሥራ አምስት ዓመት ሆኗትም ስሙ አልለቀቃትም። ሬዲዮ ለምን ሬዲዮ እንደተባለች ደግሞ አብሯት ትንሽ የቆየ ሰው መጠየቅ አያስፈልገውም። ሁለቱ ጓደኛሞች በወጣት ማዕከሉ የሚሰጠውን ነፃ የኮሪያኛ ትምህርት አብረው ጀመሩ። ሬዲዮ ወደ ሁለተኛው ክፍል አለፈች፤ ቁንጫ የማዳመጥ ፈተናው ላይ ወደቀች። ቅዳሜ በድጋሚ ትፈተናለች። ያኔም ከወደቀች ቦታዋን ተራ ለሚጠብቅ ሌላ ልጅ ትለቃለች፤ የማዕከሉ ደንብ ይኸው ነው፣ ልመናም አይሰማም።

«ከየት አገኘሽው ግን?»

«በፊት ከተፈተኑ ልጆች። ጀለስ፣ ጥያቄ አታብዢ። ስሚውና ገላግይኝ።»

ከውስጥ አክስቷ ተጣራች። ቁንጫ ስልኩን ዘግታ ገባች፤ የተላከላት ድምፅ ግን ኪሷ ውስጥ ሆኖ እረፍት ነሳት።

አክስቷ ልብስ ሰፊ ናት። የመንገድ ዳሩ ክፍል ሥራ ቤቷም ሳሎኗም ነው፤ በመስኮቱ በኩል የስፌት መኪናው፣ መሃል ላይ ሰፊ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ከግድግዳው ሥር ደግሞ የተከመረ ጥቁር ኮት። ኮቶቹ የአንድ ሆቴል አስተናጋጆች ናቸው። ነገ ጠዋት ሰው መጥቶ ይወስዳቸዋል።

«እስቲ ይቺን ልበሻት» አለች አክስቷ አንዱን እየወረወረችላት።

ቁንጫ ለበሰችው። ክንዷ ወደ ፊት እንቢ አለ፤ እጅጌው ወደ ጀርባዋ ይጎትታታል።

«ግራው ቀኝ ላይ፣ ቀኙ ግራ ላይ ነው የገባው» አለች አክስቷ በሚያሳዝን ድምፅ። «ይሄን የለበሰ አስተናጋጅ ሳህን የሚያቀርበው በጀርባው ነው።»

«ሁሉም እንደዚህ ናቸው እትዬ?»

«ትናንት የሰፋኋቸው በሙሉ። ሽማግሌው ታሞ ሲወድቅ እያለቀስኩ ስሰፋ ነዋ።»

ሽማግሌው የሚከታተሉት የኮሪያ ድራማ ሰው ነው። ቁንጫ ኮሪያኛ ከጀመረች ወዲህ የሁለቱ ልማድ እንዲህ ነው፦ ታብሌቱ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ የክር ጥቅሎች ተደግፎ ይቆማል። የአክስቷ ዓይን ከመርፌው አይነቀልም፤ ከተነቀለ የሚሰፋው ጣት ነው። ስለዚህ ቁንጫ ከሥር የሚወጣውን የትርጉም ጽሑፍ ጮክ ብላ ታነብላታለች። አክስቷ «እኔ ድራማ የማየው በአንቺ አፍ ነው» ትላለች፤ ደንበኞቿም ይህንኑ እየሰሙ ይስቁባታል።

«ዛሬ ይቅርብን፤ የአንቺም ዓይን ያስፈልገኛል» አለች አክስቷ ምላጭ እያቀበለቻት።

«ሽማግሌው ሆስፒታል ተኝቶ እንዴት ይቀራል? እኔ ቀና እያልኩ አነብልሻለሁ።» ቁንጫ ድራማውን ከፈተችው።

ጥቁር ክር ከጥቁር ጨርቅ ላይ መፍታት ለቁንጫ የተፈጠረ ሥራ አይደለም። ምላጩ ከስፌቱ ሥር ገብቶ አንዱን ክር ይበጥሳል፣ ትንሽ አልፎ ሌላውን፣ ከዚያ የተበጠሰው ቀስ ተብሎ ይሳባል። ዓይን ለአፍታ ከሸሸ የሚቆረጠው ጨርቁ ነው። ጉልበቷ ከጠረጴዛው ሥር ይዘላል። ልቧ ኪሷ ውስጥ ነው። አሁን ወጣ ብላ ብትሰማው ማን ያያታል? ሬዲዮ እንዲህ ቀልጥፋ ስታልፍ እሷ ምን ጎደላት?

ያለፈው ፈተና ትዝ ባላት ቁጥር ትቃጠላለች። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ስትጠብቅ ድምፁ መጣ፣ አንድ ቃል አመለጣት፤ እሱን ስትፈልግ የቀረው ሁሉ ፌርማታ እንደዘለለ አውቶቡስ አልፏት ሄደ። ያን ቀን ለእናቷ «ኮሪያኛ ለእኔ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው» ብላ አለቀሰች። እናቷም እንደ ሰው ሁሉ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለቻት። ቁንጫ ይህን ተረት መስማት ሰልችቷታል። እንቁላሉ የሚሄደው ጫጩት ከሆነ በኋላ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ላየው ሰው ሁሉ እንቁላል ነው።

«ምን አሉ?» አለች አክስቷ።

«ትልቋ ልጁ መጣች። ዳቦ ቤቱን ልሸጠው ነው እያለች ነው። ትንሿ ‹አባባ ሳያውቅ እንዴት?› አለቻት።»

«ወይ የእናት ልጅነት። እሺ፣ ከዚያስ?»

«ትልቋ ‹አንቺ ስትሄጂ የቀረሁት እኔ ነኝ፣ በየማለዳው ሊጥ ያቦካሁት እኔ ነኝ› አለቻት። አሁን ትንሿ እያለቀሰች ነው።» ቁንጫ አንድ እልኸኛ ክር በጥፍሯ ጎትታ አወጣች። «ስልክ ተደወለ። ነርሷ ናት። አልጋው ባዶ ነው አለቻቸው... ውይ እትዬ፣ ሽማግሌው ሞተ።»

አክስቷ ምላጩን አስቀመጠች። ዓይኗን በክንዷ ጠረገችና መቀሷን ለማንሳት እጇን ዘረጋች። እጇ መንገድ ላይ ቀረ።

«ቁንጫ፣ ይሄ ነገር ከመቼ ጀምሮ ነው የተደፋው?»

ታብሌቱ በፊቱ ተደፍቶ ግማሹ በኮት ተሸፍኗል። ኮቶቹን ሲጎትቱ የክር ጥቅሎቹ ተንከባለው ኖሯል። ድምፁ ብቻ ከሥር ይመጣል።

«አንቺ ታዲያ ከየት ነው ስታነቢ የነበርሽው?»

«እኔ እንጃ።»

«እኔ እንጃ ማለት ምን ማለት ነው?»

«ያነበብኩ ነው የመሰለኝ።»

ዘላ ተነሳች። ለታብሌቱ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ሁለት እጇን አጣምራ፣ መላ ሰውነቷን ጆሮ አድርጋ አዳመጠች። ምንም የለም። ቃላቱ እንደ ድሮው ተጣብቀው አንድ ጉርምርምታ ሆኑ። «ጠፋ» አለች፤ ልታለቅስ ምንም አልቀራትም።

«ቅድም እጅሽ ሥራ ላይ ነበር» አለች አክስቷ። «ነይ ወደ ኋላ መልሺውና አብረን እንየው። ስትቀጥፊኝ እንደሆነም ይለይልን።»

መለሱት። የዳቦ ቤቱ ነገር ትክክል ነበር። ሊጡም ትክክል ነበር። ትንሿ ከተናገረችው ግማሹን ዘላዋለች። አልጋውም በእርግጥ ባዶ ነው። ሽማግሌው ግን አልሞተም፤ በሆስፒታል ልብሱ ሹልክ ብሎ ወጥቶ ዳቦ ቤቱን ከፍቶ ቁጭ ብሏል።

«ቀብረሽው ነበር እኮ» አለች አክስቷ። «ያፈሰስኩትን ዕንባ ማን ይመልስልኛል?»

ሳቁ፣ እስኪደክማቸው ሳቁ። ከዚያ ቁንጫ ምላጯን መልሳ አነሳች። መጀመሪያ ሰሞን ኮሪያኛ አንድ ረጅም ድምፅ ብቻ ነበር፤ አንዱ ቃል የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር አታውቅም ነበር። መቼ ነው የተከፈለው? ቀኑን ፈለገችው። ክረምቱ ላይ ነው? ፈተና ከወደቀች በኋላ ነው? ይህ ነው የምትለው ቀን አጣች። ደስ አላት፤ ወዲያው ደግሞ ተናደደች። በየቀኑ ምንም አልመጣልኝም እያለች ስትምል የነበረችው እሷው ናት።

«እንዲህ የሚገባሽ ከሆነ ታዲያ ፈተናውን ለምን ወደቅሽ?»

«አንድ ቃል ሲያመልጠኝ እሱን ስፈልግ ሌላው ያልፈኛል።»

አክስቷ ወደ ስፌቷ ተመለሰች። «ቅድም ግን ትንሿ ካለችው ግማሹ አምልጦሽ ዝም ብለሽ ቀጠልሽ።»

ስልኩ ነዘረ። ሬዲዮ ናት፦ «ሰማሽውውው?» ቁንጫ ምላጯን አስቀምጣ ወደ ደጅ ወጣች። መንገዱ ከሥራ በሚመለስ ሰው ተጨናንቋል። ደወለችላት።

«አልሰማውም» አለች ገና ሲነሳ። «ልሰርዘው ነው።»

«ሙድ አትያዢብኝ።»

«የምሬን ነው። ከሰማሁት በኋላ እውነት ይገባኝ እንደሆነ ማወቅ አልችልም። ዛሬ... ዛሬ ትንሽ ገብቶኛል።»

«ብትወድቂስ?»

«ቦታዬ ይሄዳል።» ማዕከሉን ትወደዋለች፤ ያለ እሱ ቅዳሜዋ ምን እንደሚሆን ማሰብ አትፈልግም። ቢሆንም ድምፁን ሰረዘችው።

ሬዲዮ ዝም ስትል ቁንጫ ስልኩ የተቋረጠ መሰላት።

«እኔ ሰምቼው ነው የገባሁት» አለች ሬዲዮ በመጨረሻ። «ሁለተኛው ክፍል ውስጥ ምንም አይገባኝም። ሁሉም ሲስቅ እስቃለሁ። አንቺ ከመጣሽ አጠገቤ ትቀመጫለሽ ብዬ ነው የላክሁልሽ።»

የቁንጫ ጆሮ ጋለ። ስንት ቀን ራሷን በዚህች ልጅ ስትለካ፣ ስንት ቀን ደደብ ነኝ ስትል። «እንዲሁ አለፍኩ ነበር ያልሽኝ» አለች።

«አውቃለሁ።»

«አሁን በጣም ተናድጃለሁ።» በእግሯ የደረጃውን ጠርዝ መታ መታ አደረገች። «ሰኞ ግን እኛ ቤት ነይ። ድራማ አለ።»

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ክፍሉ ጭር ብሏል። ከቁንጫ ጋር የሚፈተኑት ሁሉም ከእሷ ያነሱ ልጆች ናቸው፤ አንዱማ እግሩ መሬት አይደርስም። መምህሯ ወረቀቱን አድላ ጨረሰች። ቁንጫ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገች። ጉልበቷ መዝለል ጀመረ፤ ተወችው፣ ይዝለል። ድምፁ መጣ። መጀመሪያ የተናገረው ሰውዬ ምን እንዳለ አመለጣት። ሴትየዋ ልትመልስለት ነበር። ቁንጫ ሰውዬውን ትታ ሴትየዋን አዳመጠች።