ያልተቃጠለችው ትራንዚስተር

የፊዚክስ መምህሩ የሽፈራው ሬሳ አዋሳ ውስጥ ባለ አንድ ትምህርት ቤት፣ በቤተ ሙከራው ወለል ላይ ተዘርግቷል። ርእሰ መምህሩ ጌታቸው እዚያው አጠገቡ ተቀምጦ ከአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ያስመጣውን የተጠበሰ ዓሣ ይበላል። መርማሪው መቶ አለቃ ባህሩ በሩ ላይ ቆም አለ። ሬሳ ብዙ አይቷል፤ እንዲህ ያለ ሆድ ግን አላየም።

«አሻጥር ነው» አለ ጌታቸው ጣቱን እየላሰ። «ታቢታ የገጣጠመችው ሰርኪት ገደለው። በሩ ላይ ሆኜ አይቻለሁ። ከሶኬት ጋር ያገናኘችውን ሽቦ ሲነካ አምፖሏ ቦግ አለች፤ ኤሌክትሪኩ ወርውሮ ጣለው። ጭንቅላቱ ከኋላ የተፈነከተውም ያን ጊዜ ነው።»

የቤተ ሙከራ ረዳቷ ታቢታ ጥግ ይዛ ቆማለች። በ1978 ዓ.ም. አሻጥረኛ የተባለ ሰው ወደ ቤቱ መመለሱ ያጠራጥር ነበር።

«እኔ በባትሪ ድንጋይ ነው የገጠምኩት» አለች። «ተማሪ የሚነካውን ነገር ከሶኬት ጋር ምን አገናኘው?»

«ድንጋዩስ የታለ?» አለ ባህሩ።

«መስኮቱ ላይ። ደክሞ ስለነበር ጋሽ ሽፈራው ፀሐይ ይምታው ብለው አሰጡት።»

ባህሩ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛው ወደ ደረሰ ዞረ።

«ሰርኪቱ ላይ እንዳለችው ያለ ትራንዚስተር ስንት አላችሁ?»

«ይህችው አንዷ ናት፣ ጌታዬ። አምፖሉም እንደዚሁ።»

መቶ አለቃው ቀድሞ በጦሩ መገናኛ ክፍል ሬድዮ ይጠግን ነበር። ሦስቱንም ጠረጴዛው ዙሪያ አቆማቸውና የሶኬቱን ሽቦ ነቅሎ ፀሐይ የሞቀውን ድንጋይ ገጠመ። ቀጭኗን ሽቦ ከትራንዚስተሯ እግር ጋር ሲያስነካት ትንሿ አምፖል በራች፤ ሲያነሳት ጠፋች።

«የሶኬት ኤሌክትሪክ አልፎባት ቢሆን ትራንዚስተሯም አምፖሏም በተቃጠሉ ነበር» አለ። «ሁለቱም ደህና ናቸው፤ የሚተካቸውም ሌላ የለም። ስለዚህ ኤሌክትሪክ አልያዘውም፤ ካልያዘው አልወረወረውም። ጭንቅላቱን ከኋላ የመታው ሰው ነው፤ ሽቦውም ለማስመሰል የተቀጠለው ከሞተ በኋላ ነው፤ ኤሌክትሪክ እንኳ አልተለቀቀበትም። አምፖሏ ቦግ ስትል አየሁ ያሉት ደግሞ እርስዎ ብቻ ነዎት፣ ጓድ ጌታቸው።»

ይህን ጊዜ ታቢታ ደፈረች።

«ጋሽ ሽፈራው ዛሬ በስብሰባው ሊያጋልጧቸው ነበር። ለብሔራዊ ውትድርና የተጠራው የርእሰ መምህሩ ልጅ ነበር። በእሱ ፈንታ የደረሰን ልጅ ላኩት።»

የደረሰ ልጅ ከጦር ሜዳ አልተመለሰም። መርዶው የተነገረው ባለፈው ክረምት ነው።

«እኔም አባት ነኝ» አለ ጌታቸው፣ ባህሩ ካቴናውን ሲያስገባለት። «ያለኝ አንድ ልጅ ነው።»

ደረሰ ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«ልጄ የሄደ ዕለት ጉልበትዎን ያስሳምኩት እኔ ነኝ» አለ። «እርስዎም መርቀው ሸኙት።»