እባቡ የሞቀበት ቦታ

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገርህ ወዳጄ፣ እኔ እንዲህ ባለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም። ጎንደር ሳለን ጎረቤቶቻችን እኛኑ ቡዳ እያሉ፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ እያሉ ልጆቻቸውን ሲደብቁብን ነው ያደግሁት፣ አባቴ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ማረሻና ማጭድ ሲቀጠቅጥ ውሎ ማታ እንደ ግንድ ተጋድሞ ሲያንኮራፋ እያየሁ፣ ይሄ ነው እንግዲህ ጅብ የሚሆነው እያልኩ እስቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመንፈስ ወሬ የሚያወራ ሰው ካጋጠመኝ ተነሥቼ እሄዳለሁ። አሁን ግን የማወራው እኔ ነኝ፣ ምን ይደረግ፣ በራሴ ቤት፣ እዚህ ፔታ ቲክቫ ከተማ፣ ራማት ቬርበር የሚሉት ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሆነ ነው።

ነገሩ ከእባብ ይጀምራል። ልጄ ኦራ ጸባ፣ ውትድርናዋን ማለቴ ነው፣ ጨርሳ ስትመለስ በአንድ እጇ የወታደር ሻንጣዋን፣ በሌላው እባብ ያለበት ሳጥን ይዛ መጣች። የሌላ ሰው ልጅ ባል ይዛ ትመጣለች፣ የእኔዋ እባብ! መርዝ የለውም፣ ቀላ ያለ ነው፣ ከክንዴ ትንሽ ይረዝማል። ባለቤቴ ይሻረግ ወይ እኔ ወይ እሱ ብላ አለቀሰች፣ ሳምንት ሙሉ ሰሎን አልገባችም። ግን እመነኝ፣ አንድ የክረምት ምሽት የእባቡን የመስታወት ቤት በብርድ ልብስ ስትሸፍን በዓይኔ አይቻታለሁ፣ ምን ላድርግ፣ ፍጥረት ነው፣ አለችኝ አፍራ። ይሻረግ ከሞተች ሦስት ዓመቷ ነው። ከሞተች በኋላ ኦራ ኤላት ሆቴል ሥራ አገኘችና ሄደች፣ እዚያ የተከራየችበት ቤት እንስሳ አይፈቅድም፣ እባቡ ከእኔ ጋር ቀረ።

ስትሄድ ሕጉን ሁሉ ጽፋ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈችልኝ። የመስታወት ቤቱ አንዱ ጎን ሠላሳ ዲግሪ፣ ሌላው ጎን ሃያ አራት ይሁን፣ እሱ ራሱ እየመረጠ ይሂድ፤ በሁለቱም ጎን መደበቂያ ይኑረው፣ አለዚያ ይጨነቃል፤ ውሃው በየቀኑ ይለወጥ፤ ቆዳውን ሊጥል ሲል እርጥበት ይጨመርለት፤ ክዳኑ በሁለቱም በኩል ይቆለፍ፤ ከበላ በኋላ ሁለት ቀን እንዳትነካው፣ እንዳይበርደውም ተጠንቀቅ። የመጨረሻውን በቀይ ነው የጻፈችው፣ በልቶ ከበረደው ሆዱ ውስጥ ያለው አይፈጭም፣ ይበሰብስና ይገድለዋል። የሚበላው ደግሞ በረዶ የሆነ አይጥ ነው፣ በሦስት ፌስታል ጠቅልዬ ነው የማስቀምጠው፣ በነካሁት ቁጥር እስከ ክርኔ እታጠባለሁ፣ እኔ የቄስ የልጅ ልጅ የአይጥ አሳላፊ ሆኜ ቀረሁ።

እውነቱን ልንገርህ፣ ይህን ሁሉ የማደርገው ለእባቡ ብዬ አይደለም። ኦራ ድሮ የምትደውለው ለበዓል ብቻ ነበር። እባቡ እኔ ጋ ከቀረ ወዲህ ግን በየቀኑ አመሻሽ ላይ ትደውላለች፣ ኑ አባ፣ ስንት ዲግሪ? ትለኛለች፣ ኑ በዕብራይስጥ እህ እንደማለት ነው፣ እነግራታለሁ፣ በሰደር፣ እሺ፣ ብላ ትዘጋለች። አንድ ደቂቃ አይሞላም። እኔ ግን ሚፍዓል፣ ፋብሪካው ውስጥ፣ ቆሜ ካርቶን ሳጣጥፍ ስውል ያችን አንድ ደቂቃ ነው የማስበው፣ በቀን ውስጥ የሚጠራኝ ሌላ ሰው የለም። እባቡ ቢሞት ማን ይደውልልኛል?

እንግዲህ ሰንበትን የምጠብቀው እንደ አባቴ ነው። አባቴ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ፍሙን ውሃ ያፈስበት ነበር፣ ብርድ ቢገድለን እንኳ እስከ ቅዳሜ ማታ እሳት አይነካም። እዚህ ለመብራቱ የሻባት ሰዓት አለኝ፣ ግድግዳው ላይ ሰክተህ ስትተወው በራሱ ጊዜ የሚያጠፋ። ባለፈው ክረምት አንድ ዓርብ ሶፋውን ስቤ ልጠርግ ሁለት ሽቦ ነቀልኩ፣ አንዱ የሰሎኑ መብራት፣ አንዱ ከመስታወቱ ሥር ያለው ማሞቂያ፣ ሁለቱም ነጭ ናቸው፣ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው፣ ቸኩዬ መልሼ ሰካሁና ጸልዬ ተኛሁ። እባቡን ያበላሁት ሐሙስ ማታ ነበር።

ጠዋት ስነሣ የሰሎኑ መብራት በርቶ አድሯል። ገባህ አይደል? ሽቦዎቹን አለዋውጬ ሰክቼ ኖሯል፣ ሰዓቱ በመብራቱ ፈንታ የእባቡን ማሞቂያ ነው ያጠፋው። በባትሪ የሚሠራውን ቴርሞሜትር ባየው ሞቃቱ ጎን አሥራ ስድስት ይላል። ውጭው ዝናብ ነው። እባቡ መደበቂያው ውስጥ ተጠቅልሎ ድርቅ ብሏል፣ መስታወቱን በጣቴ ባንኳኳ ምላሱን እንኳ አላወጣም።

እጄን ወደ ሶኬቱ ዘረጋሁ፣ መለስኩ፣ ደግሜ ዘረጋሁ። ስልሳ ዓመት ሰንበት አላፈረስኩም። ጎረቤት እንዳልጠራ፣ በዚህ ሕንፃ ሃያ ዓመት ኖሬ የማንን በር እንደማንኳኳ አላውቅም። በጉያዬ እንዳላሞቀው፣ ከበላ ሁለት ቀን አልሞላውም። የይሻረግን ብርድ ልብስ አመጣሁና ልክ እሷ እንዳደረገችው መስታወቱን ሸፈንኩት፣ ከዚያ ጋቢዬን ተከናንቤ አጠገቡ ቁጭ አልኩ። አለቀስኩ፣ ምን እደብቅሃለሁ።

እንደዚያ እንደተቀመጥኩ አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ። የእኛ አልጋ አሮጌ የእንጨት አልጋ ነው፣ ሰው ሲገላበጥበት ብቻ ነው የሚጮኸው። ነፋስ ነው አልኩ፣ ትሪሱ፣ የመስኮቱ መዝጊያ፣ ይሆናል አልኩ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ ቀስ ብሎ፣ ሰው ሌላውን ላለመቀስቀስ ሲጠነቀቅ እንደሚያደርገው። ሄጄ በበሩ አየሁ፣ ምንም የለም፣ ተመለስኩ። ከዚያ እስቲ ብዬ ብርድ ልብሱን ገለጥ ባደርግ የመስታወት ቤቱ ባዶ ነው። ሁለቱም መደበቂያ ባዶ! ክዳኑ ግን በሁለቱም በኩል እንደተቆለፈ ነው፣ ልጄን ይንሳኝ፣ እኔ ከአጠገቡ አልራቅሁም፣ በሩ ድረስ ሄጄ ከመመለሴ በቀር።

በጉልበቴ እየዳህኩ ሶፋ ሥር፣ ማቀዝቀዣ ኋላ፣ ጫማ ውስጥ ሁሉ ፈለግሁ። ከሰዓት በኋላ ሲሆን ደክሞኝ መኝታ ቤት ገባሁ። እኔ የምተኛው በግድግዳው በኩል ነው፣ በመስኮቱ በኩል ያለው የይሻረግ ነው፣ ሦስት ዓመት አንሶላው እንኳ አልተጨማደደም። ያን ቀን ግን አልጋ ልብሱ እዚያ ጋ ትንሽ ከፍ ብሏል። ገለጥኩት። እባቡ ይሻረግ ጀርባዋን በምታሳርፍበት ቦታ ተጠቅልሎ ተኝቷል፣ ጭንቅላቱን ቀና አድርጎ አየኝና መልሶ አሳረፈ። እጄን ፍራሹ ላይ ባኖረው ሞቃት ነው፣ ሰው አሁን ተነሥቶ እንደሄደ።

አልነካሁትም። ልብሱን መልሼ ሸፍኜ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፣ ሦስት ኮከብ እስኪወጣ ከዚያ አልተነሣሁም። ሰንበት እንደወጣ መብራት እንኳ ሳላበራ ቴርሞሜትሩን አምጥቼ እሱ አጠገብ አስቀመጥኩ። ሠላሳ። በእኔ በኩል አስቀመጥኩ፣ አሥራ ስድስት።

ስልኩ ጮኸ፣ ኦራ ናት፣ ኑ አባ፣ ስንት ዲግሪ? አለችኝ። ሠላሳ ብዬ ዝም ማለት እችል ነበር፣ ውሸትም አልነበረም። ግን አልቻልኩም፣ ስለ ሶኬቱ፣ ስለ ክዳኑ፣ ስለ አልጋው ሁሉንም ነገርኳት፣ እንግዲህ እባቡን ትወስዳለች፣ ስልኩም ይቀራል ብዬ ተስፋ ቆርጬ። ትስቅብኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ ሁልጊዜ በዕብራይስጥ የምትመልስልኝ ልጅ በአማርኛ ጠየቀችኝ።

«በእማዬ በኩል ነው የተኛው?»

«አዎ።»

«አንተስ አባ? አንተ አይበርድህም?»

ሦስት ዓመት ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም።

በሚቀጥለው ዓርብ ከኤላት ድረስ መጣች። ክዳኑን ፈተሸች፣ ፍራሹን ገለበጠች፣ የሞቀ ውሃ ቧንቧ በግድግዳው ያልፍ እንደሆነ ብላ በመዳፏ ዳሰሰች፣ ምንም አላገኘችም። አንተ ራስህ ከፍተኸው ረስተህ ይሆናል አለችኝ፣ ይሁን አልኳት፣ ግን ስትናገር ዓይኔን አላየችም፣ የተኛችውም ሶፋው ላይ ነው። ሽቦዎቹ ላይ ቀይና ሰማያዊ ፕላስተር ለጥፋልኝ ሄደች። እባቡ ወደ መስታወት ቤቱ ተመልሷል፣ ደህና ነው፣ ቆዳውን ከጭንቅላቱ እስከ ጅራቱ ሳይቆራረጥ ጥሏል፣ ይህ የጤና ምልክት ነው አለችኝ። አሁንም በየቀኑ ትደውላለች፣ መጀመሪያ የምትጠይቀው ግን ስለ እኔ ነው።

እኔም እንደ ወትሮዬ በግድግዳው በኩል እተኛለሁ። አልጋው ዓርብ ማታ አንዳንዴ ቀስ ብሎ ይንቋቋል፣ እሰማለሁ፣ አልዞርም። እጄን ወደዚያኛው ጎን ዘርግቼ አላውቅም፣ እመነኝ፣ ሞቆ እንዳላገኘው እፈራለሁ፣ ቀዝቅዞ እንዳላገኘውም እፈራለሁ።