ለማሩ የተላከው ድምፅ

«አቤት ልጄ! አቤት!» አሉ እትዬ የሺ፣ ከተቀመጡበት መደብ ብድግ ብለው።

ቤቱን የሞላው ሰው በሳቅ ፈነዳ። «እምዬ» ብሎ የጠራቸው ልጃቸው ማሩ አስመራ ነው ያለው፤ ለውትድርና ከሄደ አራት ዓመቱ። እዚህ የመጣው ድምፁ ብቻ ነው፤ በርጩማው ላይ ከተቀመጠው ጥቁር ቴፕ ውስጥ።

«እትዬ የሺ፣ እሱ እኮ አይሰማዎትም» አለች ብርቱካን፣ ቁልፉን ቀጭ አድርጋ ቴፑን እያስቆመች። «መልስ አይስጡት። ዝም ብለው ያዳምጡ።»

ውብነሽ በሩን ተደግፋ ቆማ ነበር። ዝም ብለው ያዳምጡ! እስከ ሐሙስ ድረስ ቴፕ የሚባል ነገር አይታ የማታውቅ ልጅ፣ ዛሬ ትልቅ ሰው ታዛለች። ቁልፍ ስትጫን ደግሞ ትንሿን ጣቷን ከፍ አድርጋ ነው፤ ማን እንዳስተማራት እንጃ። ውብነሽ ያቺን ጣት ባየች ቁጥር አንጀቷ አረረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያን ጊዜ፣ በ1964 ዓ.ም.፣ ንፋስ መውጫ ውስጥ መጻፍ የሚችል ሰው አልጠፋም፤ ልጃቸው ሩቅ አገር ያለባቸው እናቶች የሚመርጡት ግን ውብነሽን ነበር። ገና የአሥራ አራት ዓመት ልጅ፣ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ብትሆንም የእጅ ጽሑፏ ጥርት ያለ ነው። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወረቀትና የጃንሆይ ሥዕል ያለበት ቴምብር ይዘው ይመጡላታል። እሷም ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ ብዕሯን ከፍታ፣ «ለማን ነው?» ትላለች። ከዚያ ትልልቆቹ ሴቶች ዓይን ዓይኗን እያዩ ለባሎቻቸው እንኳ የማይነግሩትን ይነግሯታል። በመጨረሻ፣ ከሁሉም በታች፣ «ጸሐፊዋ ውብነሽም ሰላም ብያለሁ» የምትለዋን መስመር ታክልና ፖስታውን ትዘጋለች። እንቁላልም ቆሎም ጣል ያደርጉላታል፤ እሷ የምትወደው ግን ያችን የመጨረሻ መስመር ነበር።

ብርቱካን አንድ ዴስክ ላይ አብራት የምትቀመጥ ጓደኛዋ ናት። ብርቱካን ቆርቆሮ የለበሰ ቤት አላት፣ የቆዳ ጫማ አላት፣ ስጦታ የሚያመጣ ወንድም አላት። ውብነሽ ያላት ይህች ብዕር ናት። ሐሙስ ዕለት ታዲያ የብርቱካን ወንድም ጣሰው ከአስመራ በፈቃድ ሲመጣ፣ ቴፕና ከጓደኛው ከማሩ የተላከ ካሴት ይዞ መጣ። ዛሬ እሑድ ውብነሽ ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ ብትጠብቅ አንድም ሰው ዝር አላለም። ሁሉም እዚህ፣ ብርቱካን ቤት ነው ያለው። እሷም ተከትላ መጣች። ደብተርና ብዕሯንም አልተወችም።

ብርቱካን ቁልፉን እንደገና ተጫነች።

«እምዬ፣ ደብዳቤዎችሽ ሁሉ ደርሰውኛል» አለ የማሩ ድምፅ። «ሰላምታሽ እንደ ሰማይ ኮከብ፣ እንደ ባሕር አሸዋ የበዛ መሆኑን ሁሉም ላይ አንብቤያለሁ።» ሰዉ ሳቀ። «የጸሐፊዋን እጅ ጽሑፍ ከሩቁ እለየዋለሁ። ያንቺን ድምፅ ግን እየረሳሁት ነው፣ እምዬ። ላስታውሰው ብል አልመጣ ይለኛል። ባክሽ፣ በዚህ ካሴት ጀርባ የፈለግሽውን አውሪልኝ።»

እትዬ የሺ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ውብነሽ ፊቷ ነደደ። ኮከቡንም አሸዋውንም ያመጣችው እሷ ነበረች። የተዋበ ደብዳቤ መስሏት ነበር።

«ስለ ጽሑፍሽ እኮ አነሳ» አለቻት ብርቱካን ዞር ብላ። ምናልባት ልታስደስታት ፈልጋ ይሆናል።

«ሰምቻለሁ። ደንቆሮ አይደለሁም» አለች ውብነሽ።

ብርቱካን ከንፈሯን ነክሳ ካሴቱን ገለበጠችው። ከዚያ ማይኩን ወደ እትዬ የሺ አፍ አስጠጋች። «ይናገሩ እንግዲህ። እየቀዳ ነው።»

እትዬ የሺ ማይኩን አዩት። ነጠላቸውን አስተካከሉ። አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት።

«ምን ልበል?»

«የፈለጉትን!»

«እህ... እንግዲህ... ደህና ነኝ» አሉ። ከዚያም ጭጭ።

ብርቱካን ካሴቱን ወደ ኋላ መልሳ እንደገና ሞከረች። አሁንም «ደህና ነኝ»። በሦስተኛው ጭራሽ ድምፅ ጠፋ። ገበያ ውስጥ ነጋዴውን ሁሉ አፍ የሚያስይዙት ሴትዮ፣ ማይኩን እያዩ ላብ በላብ ሆኑ። ከወዲያ አንዱ «ይጩሁ!» ይላል፣ ከወዲህ ሌላዋ «ሰላምታ ያስቀድሙ!» ትላለች።

«ኧረ ቶሎ በሉ!» አለች ብርቱካን፣ እሷም ልታለቅስ ደርሳ። «የባትሪ ድንጋዩ እያለቀ ነው። ሌላ የለንም። ጣሰው ደግሞ ነገ በማለዳ ይሄዳል።»

ውብነሽ ደስ አላት። ይህን መደበቅ አይቻልም፤ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ያቺ ትንሽ ጣት አሁን ከፍ ማለቷ ቀርቶ ማይኩን ጭብጥ አድርጋለች። እሰይ አለች በሆዷ፤ እስቲ አሁን ቁልፍ ተጫኚ!

«ይቅር» አሉ እትዬ የሺ በመጨረሻ፣ ማይኩን በእጃቸው ገፋ አድርገው። «እኔ ከዕቃ ጋር ማውራት አላውቅበትም። ውብነሽ የታለች? እንደ ወትሮው እሷ ትጻፍልኝ።»

ሰዉ ዘወር ብሎ መንገድ ለቀቀላት። ውብነሽ ጠባቧን መንገድ አቋርጣ ሄደችና እትዬ የሺ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች፣ ብዕሯን ከፈተች። ብርቱካን አንገቷን ደፍታ የማይኩን ገመድ ትጠቀልላለች። አሁን የቀረው «ለማን ነው?» ማለት ብቻ ነው። እንዲያ ካለች ቴፑ ወደ ሳጥኑ ይመለሳል፤ በሚቀጥለው እሑድም ሰዉ እሷ ደጃፍ ይሰለፋል።

 የማሩ ድምፅ ግን ከጆሮዋ አልወጣ አላት። ልጃቸው የረሳውን የእትዬ የሺን ድምፅ እሷ በቃሏ ታውቀዋለች። አራት ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ ሰምታዋለች። ስለ ላማቸው፣ ስለ ጎረቤታቸው፣ ስለ ሳላቸው ያወሩላት ነበር። እሷ ናት «ይህ ለደብዳቤ አይሆንም» እያለች እየዘለለች፣ በቦታው ኮከብና አሸዋ የሞላችው። ለማሩ የደረሰው የእናቱ ወሬ ሳይሆን የእሷ ማጌጫ ነበር። ይህን ከእሷ በቀር ማንም አያውቅም። እትዬ የሺ አሁን ለምን አፋቸው እንደተያዘም ከእሷ በቀር የገባው የለም፤ ለሚያዩት ሰው እንጂ ለቴፕ ማውራት አልለመዱም።

እንዲያው ዝም ብላ መጻፍ ትችል ነበር።  ግን እጇን ዘርግታ ማይኩን ከብርቱካን ተቀበለችና ደብተሯ ላይ አጋደመችው።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አለች ብርቱካን በጥርጣሬ።

«ስነግርሽ ቁልፉን ተጫኚ።» ወደ እትዬ የሺ ዞረች። «እትዬ፣ እኔም ልጻፍ፣ እሱም ይቅዳ። አንቱ ግን እኔን ብቻ ይዩኝ። እሺ?»

«እሺ፣ ልጄ።»

ብርቱካንን በዓይኗ ጠቀሰቻት። ቀጭ አለ።

«ለማን ነው?»

«ለልጄ ለማሩ ነዋ! ለማን ሊሆን ኖሯል?» አሉ እትዬ የሺ። እንደ ወትሮው ወደፊት ሰገግ ብለው ጉልበቷን ያዙ። «ማሩዬ፣ ላሚቱ ወለደች በለው። ወንድ ጥጃ ነው፣ ግንባሩ ቦቃ። እንዳንተ አስቸጋሪ ነው፤ ጡት ጠግቦም አይተኛም። ገብሱን ዘንድሮ ውርጭ ነካብን፣ ባቄላው ግን እግዜር ይመስገን። ከአጎትህ ከጓዴ ጋር በዚያ ድንበር ጉዳይ ታረቅን፤ እኔ ነኝ እግሩ ላይ የወደቅሁት፣ እሱማ የት አባቱ! ጣራው ክረምት ያፈስብኛል። ውብነሽ፣ ይችን አትጻፊያት፣ ያስባል።»

ውብነሽ ራሷን ነቀነቀች። ብዕሯ ከወረቀቱ በላይ አየር ላይ ይሄዳል፤ አንድም ፊደል አልጻፈም። እትዬ የሺ ሲደክሙ አገጯን ቀና ታደርጋለች፣ እሳቸውም ይቀጥላሉ። ስለ ሳላቸው አወሩ። ማሩ በልጅነቱ የሰበረውን ገንቦ አንስተው ብቻቸውን ሳቁ። ሳቁ ወደ ሳል ዞረ፤ ሳሉም ተቀዳ።

ካሴቱ አልቆ ቴፑ እስኪቆም ቀጠሉ።

ብርቱካን ድንጋዩ ሳያልቅ ወደ ኋላ መልሳ ጥቂት አሰማቻቸው። እትዬ የሺ የገዛ ድምፃቸውን ሲሰሙ አፋቸውን ያዙ። «ይችን አትጻፊያት» የምትለዋ ስትደርስ ውብነሽ አቀረቀረች።

«እንዴ፣ ይህም ገባ?» አሉ እትዬ የሺ። ቆይተው ደግሞ፣ «ተዉት» አሉ። «ልጄ አይደል። ይስማ።»

ጣሰው አመሻሽ ላይ ከዘመድ ጥየቃ ሲመለስ ካሴቱን ተቀበለና ገልበጥበጥ አደረገው። «ስም ጻፉበት እንጂ። የስንቱን ሰው ዕቃ ነው የምይዘው፤ ይምታታብኛል።»

ብርቱካን ካሴቱን ተቀብላ ለውብነሽ አቀበለቻት። «አንቺ ጻፊው» አለች። ቀና ብላ ግን አላየቻትም። ሰዉ ሲወጣ ሁሉ የሚመርቀው «አንቺ ባለ ቴፕ» እያለ ብርቱካንን ነበር። ቅናቱ ከውብነሽ ሆድ የትም አልሄደም፤ እዚያው ነው።

ካሴቱ ላይ የተለጠፈችው ነጭ ወረቀት ጠባብ ናት። ውብነሽ ጉልበቷ ላይ አስደግፋ በጥንቃቄ ጻፈች። «ለማሩ።» ከሥሩ፣ «ከእናትህ ከየሺ።» አሁንም አንዲት መስመር የምትበቃ ቦታ ተርፋለች። የብዕሯን ጫፍ እዚያ ላይ አሳረፈች። ጸሐፊዋ...

ዛሬ ግን የጻፈችው ደብዳቤ የለም። ብዕሯን አነሳች፣ ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ አለችበት፣ ክዳኑን ገጥማ ካሴቱን ለጣሰው ሰጠችው።